ለጨዋታ የተለካው ሳሎን

አንባብያን ሆይ፤ በጠባብ ቤት ያደገ ሰው ስለ ሳሎን ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ሳሎን ክፍሉ አንድ ቢሆንም አገልግሎቱ ብዙ መሆኑ ነው። ጧት ቁርስ ይቀርብበታል፤ ቀን እንግዳ ይቀበሉበታል፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላበታል፤ ማታ ተማሪ ያጠናበታል፤ ሌሊት ደግሞ ፍራሽ ተዘርግቶ ይተኙበታል። ስለሆነም በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አዲስ ነገር ለማስገባት የሚነሣ ሰው የሌላውን ሰው ሰዓት ወይም የሌላውን ሰው መቀመጫ ሳይነካ አይሆንለትም። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው። ቤታችን አዲስ አበባ፥ ጎፋ ውስጥ፥ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነበር። በዚያ ቤት ስድስት ሰዎች እንኖር ነበር። መኝታ ቤቱ የአባቴ፥ የእናቴና የታናሽ እኅቴ ሲሆን ሳሎኑ የአያቴ፥ የታናሽ ወንድሜና የእኔ ነበር። አያቴን ሁላችንም «እማማ» እያልን እንጠራቸዋለን። እማማ አያታችን ከሞቱ በኋላ የመንዝን ቤታቸውን ዘግተው ወደ እኛ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቦታቸው በሳሎኑ መስኮት ሥር የተዘረጋች አንዲት ጠባብ አልጋ ነበረች፤ ቀን መቀመጫቸው ማታ መኝታቸው። ከዚያች ሆነው ጥጥ ይፈትላሉ፤ በግቢው የሚወጣውንና የሚገባውን ይመለከታሉ፤ ዝናብ ሲያካፋ የልብስ ማስጫውን አይተው «ልብሳችሁን አስገቡ!» እያሉ ለጎረቤት ይጣራሉ። ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከበበ የአያታችን ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር።

በሐምሌ ወር በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለ ከተማ የሚኖሩት አጎታችን ለዕረፍት መጡ። ከሻንጣቸውም ውስጥ ልጆቻቸው ተጫውተው የጠገቡትን አንድ ነጭ ሣጥን አወጡልን። ሣጥኑ ከአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አይበልጥም። ስሙ «ዊ» ይባላል። ሠሪው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፥ ይህ ኩባንያ ኪዮቶ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1889 የመጫወቻ ካርታ በመሥራት ሥራውን የጀመረ ነው። ዊን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሲሆን በኋላ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡት ተሸጠዋል።

መሣሪያውን ከሌሎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች የሚለየው ነገር ተጫዋቹ ተቀምጦ ቁልፍ በመጫን ብቻ አለመጫወቱ ነው። ቴኒስ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ሪሞቱን እንደ ራኬት ይዞ እጁን ያወናጭፋል፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውም ሰው ኳሷን ይመታል። ሪሞቱ የእጅን እንቅስቃሴ እንዴት ያውቃል? በአውቶቡስ ስትሄዱ የሚደርስባችሁን አስታውሱ። አውቶቡሱ በድንገት ሲነሣ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ፥ በድንገት ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል። በሪሞቱ ውስጥ ካለችው ቅንጣት ላይ በጥቃቅን ሞላዎች የተያዘች ክብደት አለች፤ እርስዋም ልክ እንደ አውቶቡሱ ተሳፋሪ ወዲያና ወዲህ ትላለች። መሣሪያው የእርስዋን መዋዠቅ እየለካ እጃችን በየት አቅጣጫ በምን ያህል ኃይል እንደተንቀሳቀሰ ያሰላል። ከዚህም በላይ በሪሞቱ ጫፍ አንዲት ትንሽ ካሜራ አለች። ከቴሌቪዥኑ ላይ ወይም ሥር የሚቀመጥ፥ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ዘንግ ደግሞ በሁለቱ ጫፎቹ ለሰው ዓይን የማይታይ ታሕተ ቀይ ብርሃን ይረጫል። ካሜራዋ እነዚህን ሁለት የብርሃን ነጥቦች አይታ ሪሞቱ ወደየት እንደተቀሰረ ታውቃለች።

ወንድሜና እኔ ሣጥኑን ባየንበት ሰዓት ገመዱን ከሶኬት ልንሰካው ተሽቀዳደምን። አባቴ ግን እጄን ያዙና «በመጀመሪያ የተጻፈውን አንብብ» አሉኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሳይለኩ መቅደድን አይወዱም። በገመዱ ላይ ካለው ጥቁር ጡብ መሰል ነገር ጀርባ 120 ቮልት የሚል ተጽፎ አገኘሁ። በአገራችን ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ፥ ሰክተነው ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሳይጀመር ባለቀ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ማለት ነው። ስለዚህ አባቴ ከመርካቶ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር እስኪገዙልን ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ ሣጥኑን እያየን ብቻ ቆየን። ትራንስፎርመሩ መጥቶ ሲሰካም ሥዕሉ ቀለም አጥቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ታየ። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት ከእኛው የተለየ በመሆኑ ነበር። የቴሌቪዥኑን ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ወደተባለው ስንለውጠው ቀለሙ ተመለሰ።

የቀረው የቦታ ጉዳይ ነበር። ለጨዋታው ተጫዋቹ ከቴሌቪዥኑ ቢያንስ አንድ ሜትር፥ ቢበዛ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መቆም አለበት፤ ዙሪያውም እጅ የሚያዘረጋ መሆን አለበት። የሳሎናችን ርዝመት 4 ሜትር ከ10፥ ወርዱ 3 ሜትር ከ20 ነበር። በዚህ ውስጥ ሶፋው፥ ጠረጴዛው፥ ቴሌቪዥኑና የእማማ አልጋ አሉ። እኔና ወንድሜ ብዙ አላሰብንም። ከሁሉም የተመቸው ስፍራ የመስኮቱ ሥር መስሎ ታየን። የእማማን አልጋ ከዚያ አነሣንና ከበሩ ኋላ፥ ጫማ ከሚቀመጥበት ጥግ አደረግነው፤ ቴሌቪዥኑንም በቦታው አስቀመጥነው። እማማ አልጋቸው ሲጎተት እንዝርታቸውን ይዘው ቆመው ይመለከቱ ነበር። «እማማ፥ ይከፋዎታል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ከፋኝ፥ ልጄ፤ ለመቀመጥ ሁሉም ጥግ አንድ ነው፤ ተጫወቱ» አሉኝ። እኔም የሰማሁትን ቃል አምኜ ወደ ገመዴ ተመለስኩ። አንባብያን ሆይ፤ ትልቅ ሰው «ግድ የለም» ሲል ግድ አለመኖሩን ነው ወይስ ግዱን መዋጡን ነው ብሎ መጠየቅን ያን ጊዜ አላወቅኩበትም።

ጨዋታው ተጀመረ። ደስታችንን በቃል ለመግለጽ ያዳግተኛል። ቴኒሱ፥ ቤዝቦሉ፥ ቦውሊንጉ፥ ጎልፉና ቦክሱ በአንድ ሳሎን ውስጥ ተገኙ። የጎረቤት ልጆች ከየፎቁ ይመጡ ጀመር፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ በእማማ አልጋ ጠርዝ ይቀመጣል፤ የሚጫወተው ልጅ ክንድ በራሳቸው ላይ ያልፋል፤ እርሳቸውም እግራቸውን ሰብስበው አንገታቸውን ደፍተው ይፈትላሉ። በአራተኛው ቀን ከሥራችን የሚኖሩት ጎረቤት መጥተው ጣራቸው እየተናጠ መቸገራቸውን በትሕትና ለእናቴ ነገሯት።

መሣሪያውም ቢሆን በመረጥንለት ስፍራ አልተመቸውም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮቱ ብቅ ባለች ቁጥር በቴሌቪዥኑ ላይ የምትታየው የእጅ ምልክት እንደ እብድ ወዲያና ወዲህ ትዘል ነበር። ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። ከፀሐይ ብርሃን ጋር ብዙ ታሕተ ቀይ ጨረር አብሮ ይመጣል። የሪሞቱ ካሜራ መስኮቱን ፊት ለፊት ስለምታይ ከዘንጉ ብርሃንና ከፀሐይዋ ብርሃን የትኛውን እንደምትከተል ግራ ይገባታል። ይህን ባለማወቄ መጋረጃውን ቀኑን ሙሉ እዘጋው ጀመር። በዚህም እማማ ከጥጋቸው ሆነው እንኳ ያዩት የነበረው ቅንጣት ሰማይ ተከለለባቸው።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ የሪሞቱን ማሰሪያ ከእጁ አንጓ ላይ ሳያጠልቅ ቤዝቦል ሲጫወት፥ ሪሞቱ ካላበው መዳፉ አምልጦ ተወረወረና የአያታችንን ፎቶግራፍ መታው። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ተነሡ፤ ፎቶግራፉን ከሚስማሩ አወረዱ፤ የወደቀችውን ስባሪ ለቅመው በወረቀት ጠቀለሉ፤ ፎቶግራፉንም በነጠላቸው ሸፍነው ከትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩም። ወንድሜ አለቀሰ። እኔ ግን፥ እውነቱን ልንገራችሁ፥ የፈራሁት አባቴ መጥተው መሣሪያውን እንዳይቆልፉብን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጋቢያቸውን ለብሰው መውጣት ጀመሩ። «ወዴት ነው፥ እማማ?» ሲባሉ «እታች ወይዘሮዋ ዘንድ ትንሽ ላውጋ» ይላሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት የዕድሜ እኩያ ነበሯቸው። እኛም ጨዋታ ያገኙ መሰለን፤ እንዲያውም ቦታው ስለሰፋልን ደስ ሳይለን አልቀረም።

አንድ ምሽት በጨዋታው መካከል መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ ትራንስፎርመሩም ዝም አለ። እናቴ ሻማ ለኩሳ ፊታችንን አንድ በአንድ ካየች በኋላ «እማማስ?» አለች። ሻማውን ተቀብዬ ላመጣቸው ወጣሁ። ሁለተኛ ፎቅ መድረስ አላስፈለገኝም። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው በሚታጠፍበት፥ ንፋሱ ከዝናብ ጋር በሚገባበት ስፍራ፥ እማማ ሲሚንቶው ላይ ጆንያ አንጥፈው፥ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በጨለማ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኩያቸው ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። እማማ በእነዚያ ሁሉ ምሽቶች የተቀመጡት እዚያው ነበር።

«እማማ፥ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«ጨዋታችሁ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው» አሉ። «እኔ ካለሁ እንደ ልባችሁ እጃችሁን አትዘረጉም። በዚያ ላይ ልጁ ፎቶግራፉን ከመታ ወዲህ እኔን ባየ ቁጥር ይሳቀቃል።»

እጃቸውን ያዝኩ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ያን ሌሊት ከአልጋቸው ሥር ፍራሼ ላይ ተጋድሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳሎኑን ስለካ የቴሌቪዥኑን፥ የሶፋውንና የጠረጴዛውን ልክ በደብተሬ መዝግቤ ነበር። የእማማን አልጋ የጻፍኩት ግን «የሚነሣ» ብዬ ነበር።

ጧት ለአባቴ ነገርኳቸው። ጥፋቱን ሁሉ በወንድሜ ላይ ላሳብብ ይቻለኝ ነበር፤ አላደረግኩትም። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ የሥራ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና «እንደገና ለካ። አሁን ግን ከእናቴ አልጋ ጀምር» አሉኝ። መሣሪያውን አልቆለፉብንም። ቢቆልፉት ይቀለኝ ነበር።

እነሆ፥ ሁለተኛው አለካክ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ የእማማ አልጋ ወደ መስኮቱ ሥር ተመለሰች። የአልጋዋ ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከርዝመቱ 3 ሜትር ከ30 ቀረ። ሶፋው ረጅሙን ግድግዳ ይዞ ሌላ 80 ሳንቲ ሜትር ሲወስድ፥ ከወርዱ 2 ሜትር ከ40 ቀረ። ቴሌቪዥኑን እንደ ተለመደው ከግድግዳ መሐል ብናስቀምጠው ቦታው አይበቃም። በዚያ ዓመት የተማርኩት የጂኦሜትሪ ትምህርት እዚህ ላይ ትዝ አለኝ። የአራት ማዕዘን ዘንግ ከሁለቱ ጎኖች ከየትኛውም ይረዝማል፤ የእኛውም ሲሰላ 4 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከመስኮቱ ርቆ ከሚገኘው ጥግ ላይ አደረግነውና ክፍሉን በሰያፍ ተጠቀምንበት። ተጫዋቹ ከቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ርቆ ሲቆም ከኋላው ለመወራጨት የሚበቃ ባዶ ስፍራ ተረፈ። ጠረጴዛውም በጨዋታ ሰዓት ወደ ኮሪደር ይወጣል። የሚገርመው ነገር፥ መስኮቱ ከተጫዋቹ ጀርባ ስለሆነ ፀሐይዋ ካሜራዋን ማወናበዷን ተወች። መጋረጃው ተከፈተ። ለእማማ የተገባው ቦታ ለመሣሪያውም የተሻለው ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ቴሌቪዥኑን ስንጎትት የዘንጉ ቀጭን ገመድ ከእግሩ ሥር ገብቶ ተበጠሰ። ወንድሜ ተስፋ ቆረጠ። እኔ ግን ዘንጉ ምንም ነገር የማይቀበል፥ ብርሃን ብቻ የሚረጭ መሆኑን አውቄ ስለነበር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሻማ ነበልባልም ታሕተ ቀይ ብርሃን አለው። ሁለት ሻማዎችን በቆርቆሮ ክዳን ላይ አቁሜ፥ ስንዝር ያህል አራርቄ፥ ከቴሌቪዥኑ ፊት በበርጩማ ላይ ለኮስኳቸው። ሪሞቱን ስቀስር የእጅ ምልክቷ ነበልባሉን ተከትላ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች ብቅ አለች! እናቴ ግን ተቆጣች። «ልጆች በሚዘሉበት ቤት እሳት?» አለች። እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ እማማ ከአልጋቸው ሆነው «እሳቱን እኔ እጠብቃለሁ» አሉ። በርጩማውም ወደ ሶፋው ጠርዝ፥ እርሳቸውም ከሶፋው ጫፍ ሆኑ። አንድ ባልዲ ውኃ ከእግራቸው ሥር ይቀመጣል። ዓይናቸውን ከነበልባሉ አይነቅሉም፤ ማንም ከመስመሩ ቢያልፍ ወዲያው ሻማውን እፍ ብለው ያጠፋሉ፤ ጨዋታውም ይቆማል። እንዲህ በማድረጋቸው ዳኛ ሆኑ። ተራ የሚያወጡት፥ ያጭበረበረውን የሚያስወጡት እርሳቸው ናቸው። ሪሞቱን እንዲይዙ ብዙ ጊዜ ለመንናቸው፤ «ዳኛ አይጫወትም» ብለው እምቢ አሉ።

አንድ የራዲዮ ጠጋኝ የዘንጉን ገመድ ከቀጠለልን በኋላ ሻማው ቀረ። ዳኝነቱ ግን አልቀረም። ሕጎቻችንም በደብተር ተጻፉ። ማሰሪያውን ሳያጠልቅ የሚጫወት የለም። የሚዘል የለም፤ ከሥራችን ሰው ይኖራልና። ቡና ሲፈላ ጨዋታው ይቆማል። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ የሚቆም የለም። እጅን ከትከሻ ማወናጨፍም ቀረ። መሣሪያው የሚለካው የእጁን ድንገተኛ እንቅስቃሴ እንጂ የክንዱን ርዝመት ስላልሆነ፥ የእጅ አንጓን ቀልጠፍ አድርጎ መስበቅ ለቴኒሱ ይበቃል። በጠባብ ቤት የተለማመድን እኛ፥ በሰፊ ቤት የለመዱትን የአጎታችንን ልጆች በኋላ ሲመጡ ያሸነፍናቸው በዚህ ብልሃት ነው። ወንድሜም የኪስ ገንዘቡን አጠራቅሞ ለፎቶግራፉ አዲስ መስታወት አስገባ። ፎቶግራፉ ከእማማ ራስጌ፥ ከቀድሞው ሚስማር ላይ ተመለሰ።

ዛሬ ያ ሁሉ አልፏል። የዊ መሠራት እ.ኤ.አ. በ2013 ቆመ፤ የእኛውም ሣጥን ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እማማ በ2010 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መሣሪያዎች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንዱ ምንም ሪሞት ሳያሻው የሰውን ቁመና በካሜራ ያይ ነበር፤ ለአንድ ተጫዋች 1 ሜትር ከ80፥ ለሁለት ደግሞ 2 ሜትር ከ40 ያህል ርቀት ይጠይቅ ነበር። አሁን ደግሞ ዓይን ላይ የሚጠለቁ አሉ፤ አንዳንዶቹም ቆሞ ለሚንቀሳቀስ ተጫዋች 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባዶ ስፍራ ይፈልጋሉ፤ ከመጀመራቸውም በፊት ተጫዋቹ በዙሪያው መስመር እንዲያሰምር ያዝዛሉ።

አንባብያን ሆይ፤ መስመሩን ብታሰምሩ መልካም ነው። ቮልቴጁን አንብቡ፤ ማሰሪያውን አጥልቁ፤ ፀሐይዋ ከየት እንደምትገባ አስተውሉ። ይህን ሁሉ መሣሪያው ራሱ ይነግራችኋል። ባዶ ያላችሁት ስፍራ ላይ ትናንት ማን ተቀምጦ እንደነበረ ግን የሚጠይቃችሁ መሣሪያ የለም። የአባቴ ሜትር ዛሬም በእኔ ዘንድ ናት፤ ቤት በቀየርኩ ቁጥር እርስዋን እመዛለሁ። የመጀመሪያውን ልክ የምጀምረውም በዚያ ቤት ከሁሉ ይልቅ ዝም ከሚለው ሰው መቀመጫ ነው።